አልዛይመር በተጠረጠረበት ቤት የዘር ሐረግንና የአንጎል ኤምአርአይን አብሮ ማንበብ

ባሕር ዳርም ሆነ በጣና ዙሪያ ባሉ መንደሮች አንድ አዛውንት ስም መርሳትና መንገድ መሳት ሲጀምሩ «ጃጅተዋል» ተብሎ ይታለፋል። ነገሩ ግን አልዛይመር፣ ማለትም አንጎልን ቀስ በቀስ የሚጎዳ የመርሳት በሽታ ሊሆን ይችላል። ልጆች «ለእኛም ይተርፋል ወይ?» ብለው መጠየቅ የሚጀምሩት ቆይቶ ነው። ለዚህ ጥያቄ ከውድ ምርመራ ሁሉ የሚቀድመው በወጉ የተሠራ የዘር ሐረግ ነው።

ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ለዚህ ግን ሦስት ትውልድ ይበቃል፦ የታማሚው ወላጆች ከነእህት ወንድሞቻቸው፣ የታማሚው እህት ወንድሞች፣ ልጆች። የእናትን ወገንም የአባትንም እኩል ይሙሉ። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የትውልድ ዓመት፣ በሕይወት ከሌሉ ያረፉበት ዕድሜ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መርሳቱ የጀመረበት ዕድሜ ይጻፍ። ዘመድ የሚያስታውሰው ሞቱን ነው፤ ስለ ዘር የሚናገረው ግን ጅማሬው ነው። ዘጌ ወይም ደቅ ያሉትን ታላላቅ ዘመዶች ሲጠይቁ ዓመተ ምሕረት አይጠይቁ። «ከ77ቱ ድርቅ በፊት ነው በኋላ? በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ብቻቸውን ገበያ ሄደው ይመለሱ ነበር?» ይበሉ። አጀማመሩንም ይጠይቁ፤ በአንድ ቀን ድንገት የመጣ ከሆነ ስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ) ሊሆን ይችላል። በ40 ዓመቱ በአደጋ የሞተን ሰው «ጤነኛ» ብለው አይመዝግቡት፤ በሽታው ሊታይበት ከሚችልበት ዕድሜ አልደረሰምና «አይታወቅም» ይባል። ብዙ ሐረግ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

በሽታው ከ65 ዓመት በፊት ጀምሮ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ በተከታታይ ትውልድ ከታየ በክሮሞዞም (የዘር መረጃ በሚይዘው የሴል ክፍል) 21፣ 14 ወይም 1 ላይ ካሉት ሦስት ጂኖች (ከወላጅ የሚወረሱ የዘር መረጃዎች) በአንዱ ላይ ለውጥ መኖሩ ይጠረጠራል። እንዲህ ባለው ቤት እያንዳንዱ ልጅ ለውጡን የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ይህ ግን እጅግ ጥቂት ቤተሰብ ነው። ከ65 በኋላ የሚጀምረው ብዙኃኑ በሽታ የሚያያዘው በክሮሞዞም 19 ላይ ካለው ኤፒኦኢ ጂን ጋር ነው። ኢ4 የተባለው ዓይነት አደጋውን ይጨምራል፣ ከሁለቱም ወላጆች የተወረሰ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ፤ ኢ2 ይቀንሳል። ኢ4 ይዘው ሳይታመሙ የሚያረጁ ብዙ ናቸው፣ ሳይኖራቸው የሚታመሙም እንዲሁ። ስለዚህ ጤነኛ ልጅን በዚህ ጂን ብቻ መመርመር አንመክርም።

ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ የአንጎል ምስል) ሲታዘዝ በ1 ሚሊሜትር ውፍረት የተነሣ ባለሦስት አቅጣጫ፣ ቲ1 የተባለ የአነሣስ ዓይነት ምስል እንዲካተት ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ሂፖካምፐስ፣ ማለትም ለማስታወስ የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል፣ የሚለካው በዚህ ነው። ታማሚው ከተንቀሳቀሰ ምስሉ ይደበዝዛል፣ የአንጎል ቅርፊትም ከእውነቱ የሳሳ ሊመስል ይችላል። የልብ ምት ማስተካከያ ወይም በሰውነት ውስጥ ብረት ካለ አስቀድመው ይናገሩ። ፊልሙን ብቻ ይዘው አይውጡ፤ ሙሉውን ምስል በሲዲ ይቀበሉ።

ሪፖርቱ ላይ የሂፖካምፐስ አካባቢ መሟሸሽ (መጠኑ መቀነስ) ለግራና ለቀኝ ከ0 እስከ 4 ይመዘናል። ከ75 ዓመት በታች 2 እና ከዚያ በላይ ያጠራጥራል፤ ከዚያ ዕድሜ በኋላ 2 ከእርጅና ጋር ሊሄድ ስለሚችል የሚያጠራጥረው 3 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ኢ4 ያለባቸው ታማሚዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሟሽሽባቸው ይኸው ክፍል ነው፤ መርሳቱም ቀድሞ የሚጎላው ለዚህ ነው። ኢ4 በሌላቸውና በሽታው ከ65 ዓመት በፊት በጀመራቸው ሰዎች ግን የአንጎል የላይኛው የኋላ ክፍል አስቀድሞ ሊሳሳ ይችላል፦ ሰውዬው ስም አይረሳም፣ ልብስ መልበስና ገንዘብ መቁጠር ግን ያቅተዋል። ስለዚህ «ሂፖካምፐስ ደኅና ነው» የሚል ሪፖርት ብቻውን አልዛይመርን አያስወግድም።

ይህ ሁሉ እየተሠራ ሳለ የቫይታሚን ቢ12፣ የታይሮይድ፣ የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራ አይዘግይ፤ እነዚህ ሊታከሙ የሚችሉ የመርሳት ምክንያቶች ናቸው። ኤምአርአይ ካልተገኘ ሲቲ ስካንም (በራጅ ጨረር የሚነሣ ምስል) ቢሆን የራስ ቅል ውስጥ ደም መቋጠርን፣ ዕጢንና የውኃ መጠራቀምን ያሳያል። ሐኪሙ ድጋሚ ኤምአርአይ ካዘዘ በዚያው ማሽን፣ በዚያው አነሣስ ይሁን፤ አለዚያ በማሽን ልዩነት የመጣው ለውጥ የአንጎል መሟሸሽ መስሎ ይነበባል።