ራሱን በራሱ የሚያበራ የመኪና የፊት መብራት አሠራርና አጠቃቀም
በመሪው ሥር ባለው ዘንግ ወይም በዳሽቦርዱ ላይ ባለው ማዞሪያ «አውቶ» የሚለውን ምልክት መርጠው ሞተሩን ሲያስነሱ፣ በዳሽቦርዱ ላይ ወይም ከኋላ ማሳያው መስታወት ጀርባ የተተከለው ሴንሰር የውጭውን ብርሃን ያለማቋረጥ ይለካል፤ ብርሃኑ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድም የመኪናው ኮምፒውተር የፊቱንና የኋላውን መብራት አንድ ላይ ያበራል። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በደብረ ሲና አቅራቢያ እንደሚገኘው እንደ ጣርማ በር ባለ የመኪና መንገድ ዋሻ ውስጥ ሲገቡ ነው፤ አሽከርካሪው እጁን ከመሪው፣ ዓይኑንም ከመንገዱ ሳያነሳ መብራቱ ይበራል፣ ከዋሻው ሲወጣም ከጥቂት ቆይታ በኋላ ይጠፋል።

ሆኖም ሴንሰሩ የሚለካው ብርሃንን እንጂ የእይታን ርቀት አይደለም። በዚያው በጣርማ በር ተራራ ላይ በቀን የሚወርደው ጉም ነጭና ብሩህ ስለሆነ መብራቱ ላይበራ ይችላል። በብዙ መኪኖች ላይ ደግሞ የቀን መብራት የሚባለው ከፊት ብቻ ስለሚበራ፣ አሽከርካሪው መብራት ያለው እየመሰለው ከኋላ ለሚመጣው ከባድ ተሽከርካሪ ሳይታይ ይጓዛል፤ ይህ እጅግ አደገኛ ነው። ስለዚህ በጉም፣ በከባድ ዝናብና በአቧራ ውስጥ አጭር መብራትን (ቅርቡን መንገድ የሚያሳየውን የፊት መብራት) በእጅ ማብራት ግድ ይላል።

በዳሽቦርድ ላይ የሚነጠፍ ምንጣፍ ሴንሰሩን ከሸፈነው መብራቱ በጠራራ ፀሐይም ይበራልና፣ ምንጣፉ በሴንሰሩ ቦታ ላይ ክፍት መሆን አለበት።