ለኤችአይቪ መድኃኒት መላመድ ምርመራ ናሙና አዘገጃጀት በድሬዳዋ

ቫይረሱ መድኃኒቱን ተላምዷል ብሎ ከመጠርጠር በፊት ታካሚው መድኃኒቱን በየቀኑ በሰዓቱ መውሰዱን በእርጋታ መጠየቅ ይቀድማል፤ የቫይረሱ መጠን በሚሊ ሊትር ከ1000 ቅጂ በላይ ከሆነ፣ የተጠናከረ ምክር ተሰጥቶ ከ3 ወር ገደማ በኋላ ልኬቱ ይደገማል። ያኔም ካልቀነሰ ቫይረሱ መድኃኒቱን መላመዱን የሚያሳይ የቫይረሱ የዘረ መል ምርመራ ይታሰባል።

ደሙ የሚቀዳው ታካሚው መድኃኒቱን እየወሰደ ሳለ ነው። ካቋረጠ ሳምንታት ካለፉ ያልተላመደው ቫይረስ ስለሚበዛ የተላመደው ሊሰወርና ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል፤ ይህ በቀላሉ የሚዘነጋ ነገር ነው።

ደሙ ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር) ባለው ቱቦ ተቀድቶ፣ ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) በ24 ሰዓት ውስጥ በሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት በሚያሽከረክር መሣሪያ) ይለይና ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ወይም ከዚያ በበለጠ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ቆላ ከተማ፣ በተለይም በግንቦትና በሰኔ ሙቀት፣ ቱቦውን መስኮት ዳር ወይም በቆመ መኪና ውስጥ ማቆየት የቫይረሱን አር ኤን ኤ (የሚመረመረውን ዘረ መል የያዘውን ክፍል) ሊያበላሽ ይችላል፤ መብራት ሲጠፋም ማቀዝቀዣውን ደጋግሞ መክፈት አይገባም። ወደ ሌላ ከተማ የሚላክ ፕላዝማ ቀልጦ ዳግም እንዳይቀዘቅዝ በደረቅ በረዶ ይታሸጋል።

በመጠየቂያ ቅጹ ላይ የቀድሞዎቹም መድኃኒቶች ይጻፉ፤ ታካሚው ዶሉቴግራቪር የሚወስድ ከሆነ የኢንቴግሬዝ (መድኃኒቱ የሚያግደው የቫይረሱ ኢንዛይም) ዘረ መልም እንዲመረመር በግልጽ ይጠየቅ። በውጤቱ ላይ ኤም184ቪ የተባለው ለውጥ ከታየ፣ ቫይረሱ ላሚቩዲንንና ኤምትሪሲታቢንን የተባሉትን የኤችአይቪ መድኃኒቶች መቋቋሙን ያመለክታል።