የክንድ ጅማት ሲበጠስ፦ እንዴት እንደሚለይና ምን እንደሚደረግ

ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም በቆሎ ሲጫን ቆመው አይተው ይሆናል። አንድ ኩንታል ከመኪናው ላይ ሲንሸራተት ጫኙ ክርኑን አጥፎ ሊያቆመው ይሞክራል። ክብደቱ ያሸንፈውና የታጠፈውን ክንድ በግድ ይዘረጋዋል። ያኔ "ጧ!" የሚል ነገር ይሰማዋል። በገመድ የያዙት በሬ ድንገት ሲፈተለክም ያው ነው። የክንዳችን የፊት ጡንቻ፣ ጂም የሚሠሩ ልጆች ባይሴፕስ የሚሉት ማለት ነው፣ ከክርን በኩል የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ከላይ ነው ከታች?

ይህ ጡንቻ ከላይ ከትከሻ ጋር በሁለት ጅማት ይያያዛል። ከታች ግን አንድ ጅማት ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ከክርን ትንሽ ዝቅ ብሎ አጥንቱ ላይ ይጣበቃል። ሕክምናው የሚወሰነው የቱ እንደተበጠሰ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ከላይ ያለው ረጅሙ ጅማት ነው። ከ50 ዓመት በላይ በሆኑና ትከሻቸውን ሲያማቸው በቆዩ ሰዎች ላይ ይበዛል። ጡንቻው ወደ ክርን ወርዶ ያብጣል። መልኩ ያስደነግጣል እንጂ አጭሩ ጅማት ስለሚቀር ክንዱ አብዛኛውን ጉልበቱን አያጣም።

የታችኛው ሲበጠስ ጡንቻው ወደ ትከሻ ይሸሻል፣ ከክርን መታጠፊያው በላይ ጎድጎድ ይላል። ክርኑ ፊት ለፊት ይበልዛል፣ ብልዙም ወደ ታች ይወርዳል። ካቻቢቴ ማዞር ጭንቅ ይሆናል። ክርን ማጠፍ ግን ይቻላል፣ ምክንያቱም ከሥሩ ሌላ ጡንቻ አለ። ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው፤ "ይኸው ይታጠፋል፣ ደህና ነኝ" ይላል።

በጣት የሚደረገው ፍተሻ

ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቀላል ፍተሻ አለ። ተጎጂው ክርኑን 90 ዲግሪ ያጥፍና መዳፉን አቡነ ዘበሰማያት እንደሚደግም ሰው ወደ ላይ ያዙር። መርማሪው አመልካች ጣቱን ከክንዱ የውጭ ጎን፣ በአውራ ጣት በኩል ማለት ነው፣ ወደ ክርኑ መታጠፊያ ያስገባል። ጤነኛ ክንድ ላይ ጣቱ የተወጠረ ገመድ ሥር ገብቶ ይያዛል። የሚይዘው ነገር ካጣ ጅማቱ ተበጥሷል ማለት ነው። ከውስጥ ጎን ከተሞከረ ግን እዚያ ያለ ስስ ሽፋን ጅማቱ ያለ ያስመስላል። ሁልጊዜ ከጤነኛው ክንድ ጋር ያስተያዩ። ገመዱ ቢገኝም ሕመሙና ድካሙ ካልለቀቀ በከፊል ተቀዶ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት።

የዚያኑ ቀን

ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ፣ እጅ ያብጣል። ክንዱን በነጠላ አንገት ላይ ያንጠልጥሉ። በረዶ ከተገኘ በጨርቅ ጠቅልለው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዙበት፣ በቀን ጥቂት ጊዜ ይድገሙት። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ ጨጓራ ወይም ኩላሊት ያለበት ሰው አይቡፕሮፌን በራሱ አይጀምር። ጣት ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከገረጣ ግን አይደር።

አሁን ወደ ወጌሻው ጉዳይ። ጎጃም ውስጥ ክንዱን ያመመው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ዘንድ ነው። ሙያቸውን አልንቅም። ግን ከአጥንት የተላቀቀ ጅማት ታሽቶ አይገጥምም፤ ማሸቱ እንዲያውም መድማቱንና እብጠቱን ያብሳል። ከሁሉ የሚከፋው የሚባክነው ጊዜ ነው። የታችኛው ጅማት በቀዶ ሕክምና ጥሩ ሆኖ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ነው። ከዚያ በኋላ ጅማቱ እየሸሸና በጠባሳ እየተያዘ ይሄዳል፤ ከቆየ ከሌላ ቦታ ጅማት ወስዶ መቀጠል ሊያስፈልግ ይችላል። "ሰንብተህ ተመለስ" ሲባል አንድ ወር እንደ ዋዛ ያልፋል።

ሐኪም ዘንድ

በአቅራቢያዎ ካለው ጤና ጣቢያ ሪፈር ያጽፉ። ወደ አጥንት ቀዶ ሐኪም መላክ እንደሚፈልጉ በግልጽ ይናገሩ፤ ባህር ዳር እንደ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ያሉ ሆስፒታሎች አሉ። ራጅ ጅማት አያሳይም፤ የሚነሳው አጥንት አብሮ እንዳልተሰበረ ለማወቅ ነው። አልትራሳውንድ ወይም ኤም አር አይ ሊታዘዝ ይችላል። ምልክቱ ግልጽ ከሆነ ግን ኤም አር አይ ወረፋ መጠበቅ ሳምንታቱን እንዳይበላ ሐኪሙን ይጠይቁ። ሲጋራ ካጨሱ፣ ስቴሮይድ ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን ከወሰዱ ይንገሩ። ሲፕሮን እኛ አገር ለታይፎይድ እየተባለ በዘፈቀደ የሚውጠው ብዙ ነው፤ ጅማት ያዳክማል።

የላይኛው ከሆነ አብዛኛው ሰው በዕረፍትና በፊዚዮቴራፒ ይድናል፣ እብጠቱ እንዳለ ቢቀርም። የታችኛው ሲሆን ለሚያርስ፣ ለሚሸከም፣ ድንጋይ ለሚያነጥፍና ለሚገነባ ሰው ቀዶ ሕክምናው ይሻላል ባይ ነኝ። ካልተደረገ ክንዱ መዳፍን ወደ ላይ የማዞር ጉልበቱን እስከ 40 በመቶ ያጣል። ከባድ ሥራ የማይሠሩ አዛውንት ግን ሳይሰፋላቸው ሊኖሩ ይችላሉ።

በቀዶው ጅማቱ ተመልሶ ከአጥንቱ ጋር ይታሰራል። የታችኛው ክንድ የውጭ ጎን ቢደነዝዝ አይደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ እያደር ይለቃል። ለአንድ ሁለት ሳምንት ክንዱ ይታሰራል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይንቀሳቀሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዚያ እጅ የውኃ ጀሪካን እንኳ አይነሳም። እርፍ ለመያዝና ኩንታል ለመሸከም ከአራት እስከ ስድስት ወር ይቆያሉ። ስለዚህ ክረምት መግቢያ ላይ የተሰፋ ገበሬ ለዘንድሮው እርሻ ካሁኑ ሰው ይፈልግ።