አልማዝዎ ሲፈዝ፣ ዋጋው ሲያጠራጥር፦ ችግርና መፍትሄ

ባሕር ዳር ከወርቅ ሥራ ጋር ስኖር የአልማዝ ቀለበት ይዘው የሚመጡ ሰዎች ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። አብዛኛው ችግር ከመሸጥ በፊት መፍትሄ አለው።

ችግር፦ ፈርጡ ፈዟል።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቅባት ነው። አልማዝ ውኃ አይዝም፤ ቅባት ግን ይጣበቅበታል። አንዲት የሞጣ እናት «ፈዘዘብኝ፣ በተገኘው ዋጋ ሽጡልኝ» ብለው ቀለበታቸውን ሰጡኝ። በአጉሊ መነጽር ሳየው ከፈርጡ ሥር፣ ጨብጠው በያዙት የወርቅ ጥርሶች መካከል፣ ለጋ ቅቤ ረግቶበታል። ቀለበቱን ሳያወልቁ ነበር ራሳቸውን የሚቀቡት።

መፍትሄ፦ ለብ ባለ ውኃ ላይ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ጨምረው ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉት፤ ከዚያ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ከሥሩ ይፈትጉት። ሳህን ውስጥ ይሁን፤ የላላ ፈርጥ በቧንቧ ሥር ከወደቀ አይገኝም። በረኪና አያስነኩት፣ ወርቁን ይጎዳል። እኒያ እናት ታጥቦ ሲያዩት ሽያጩን ተዉት፤ እኔም ደስ አለኝ።

ችግር፦ ታጥቦም መሐሉ ጥቁር ነው።

ጥፋቱ የአቆራረጡ ነው። ከላይ የገባው ብርሃን ከታችኞቹ ገጾች ተንጸባርቆ ወደ ዓይን መመለስ አለበት። ሆዱ፣ ማለትም የታችኛው ክፍሉ፣ ከመጠን በላይ ከጠለቀ መሐሉ ይጨልማል፤ ከሳሳ ደግሞ ግራጫ ክብ ይታይበታል። እንደገና ማስቆረጥ ክብደቱን ይቀንሳል፤ ስለዚህ መፍትሄው ያለው ግዢው ላይ ነው። ከቀለም፣ ከጥራትና ከክብደት በፊት አቆራረጡን ይመልከቱ።

ችግር፦ «ነጭ ነው» የተባለው ቢጫ ይመስላል።

የቀለም ደረጃ ከዲ ጀምሮ እስከ ዜድ ይወርዳል፤ ዲ ቀለም የለሽ ነው። የሱቅ መብራት ያታልላል። በመስኮት አጠገብ ነጭ ወረቀት ላይ ገልብጠው ይዩት። ቢጫ ወርቅ ላይ ለሚሰካ ፈርጥ ግን ለዲ ገንዘብ ማፍሰስ አልመክርም፤ የወርቁ ቀለም ስለሚንጸባረቅበት ጂ ወይም ኤች ይበቃል።

ችግር፦ «18 ካራት አልማዝ» ተብሎ ተሸጠልኝ።

ቀለበቱ ውስጥ የታተመው 18 ወይም 750 የወርቁ ንጽሕና ነው። የአልማዝ ካራት ክብደት ሲሆን አንዱ 0.2 ግራም ነው። በደንብ የተቆረጠ ባለ 1 ካራት ክብ ፈርጥ ስፋቱ 6.5 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ በማስመሪያም ይገመታል። ተመሳሳይ ጥራት ካላቸው ባለ ግማሽ ካራት ሁለት ፈርጦች ይልቅ ባለ 1 ካራቱ አንድ ፈርጥ ይወደዳል፤ ትልቅ ድንጋይ ብርቅ ነውና።

ችግር፦ እውነተኛ መሆኑ ያጠራጥራል።

መስታወት መቧጨሩ ማስረጃ አይሆንም፤ ኳርትዝ የተባለው ተራ ማዕድንም ይቧጭራል። በሙቀት የሚሠራው መፈተሻ መስታወትንና ዚርኮኒያ የተባለውን አልማዝ መሳይ ሰው ሠራሽ ድንጋይ ይለያል፤ ሞይሳናይት የተባለው ሌላው አልማዝ መሳይ ግን ሊያልፈው ይችላል። በቤተ ሙከራ የተሠራ አልማዝም እውነተኛ አልማዝ ስለሆነ ያልፋል፤ ዋጋው ግን ከተፈጥሮው እጅግ ያነሰ ነው። ይህንን የሚለየው የላቦራቶሪ ምስክር ወረቀት ነው። ቁጥሩ በብዙ ፈርጦች ወገብ ላይ፣ ማለትም ዙሪያውን ባለው ቀጭን ጠርዝ ላይ፣ በሌዘር ይቀረጻል። አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር አንብበው ከወረቀቱ ጋር ያስተያዩ፤ ካልገጠመ ገንዘቡን አይክፈሉ።