መኪናዋ ፍሪጁን ትችላለች፣ ምጣዱን አትችልም

ጅማ ክረምቱ ሲከብድ መብራት መሄዱ አይቀርም። ጄኔሬተር ልግዛ ከማለታችሁ በፊት ግቢያችሁ የቆመችውን የኤሌክትሪክ መኪና እዩዋት። የኔዋ ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ ናት፤ ባትሪዋ 60 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። አጂፕ ሰፈር ባለው ቤታችን ፍሪጁ፣ አምፖሎቹ፣ ቲቪውና ዋይፋዩ ተደምረው በቀን 3 ኪሎዋት ሰዓት አይሞሉም። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

መጀመሪያ መኪናችሁ ኤሌክትሪክ ወደ ውጭ መስጠት መቻሏን አጣሩ። ቪቱኤል የሚባለው ነው፤ ሁሉም መኪና የለውም። ቻርጅ በምታደርጉበት ቀዳዳ የሚሰካ፣ ጫፉ ላይ ሶኬት ያለው ገመድ ያስፈልጋችኋል። የቻይናና የአውሮፓ ቀዳዳ ስለሚለያይ ለራሳችሁ መኪና የሚሆነውን ግዙ። ሶኬቱም የኛን ክብ እግር ስፒና መቀበሉን እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክሩት። አንዳንዱ የሚቀበለው ጠፍጣፋ እግር ብቻ ነው።

እንደኔዋ ያሉት የሚሰጡት 3.3 ኪሎዋት ገደማ ነው። ለአምፖልና ለፍሪጅ ተርፎ ይፈሳል። የእንጀራ ምጣድ ግን ብቻውን 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይፈልጋል። ጎረቤታችን እማማ ሊጥ ኩፍ ብሎባቸው መጡ።

«ልጄ፣ ከመኪናሽ ላይ ቶሎ ቶሎ ልጋግር?»

«እማማ፣ ምጣዱን ገና ሲሰኩት እኮ ጥርቅም ብላ ትዘጋለች። ይልቅ ቡናውን እዚህ ያፍሉልን፤ ከሰሉ ተያይዟል።»

ሙቀት የሚያወጣ ዕቃ ሁሉ በላተኛ ነው። ካውያና የውሃ ማፍያ ለየብቻ ከሆነ ትችላቸዋለች፤ ሁለቱን አንድ ላይ ከሰካችኋቸው ትዘጋለች። የውሃ ፓምፕና ፍሪጅ ሲነሱ ለአፍታ ከወትሯቸው ብዙ እጥፍ ይስባሉ፤ ስለዚህ አንዱ ተነሥቶ ሲረጋ ሌላውን ሰኩ።

ገመድ ላይ አትቆጥቡ። ሽቦው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ኤክስቴንሽን ግዙ፤ ስትጠቀሙበት ጥቅልሉን ጨርሳችሁ ፍቱት። ተጠቅልሎ ብዙ ኃይል ከተሳበበት ይግልና ላስቲኩ ይቀልጣል። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ መገጣጠሚያው በረንዳ ላይ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ዱካ ላይ ይቀመጥ።

አሁን የምለውን ቀልድ እንዳታደርጉት። ሁለቱም ጫፉ ስፒና የሆነ ገመድ ሠርቶ ከመኪናው ወደ ግድግዳ ሶኬት የሚሰካ ሰው አለ። ያ ኤሌክትሪክ በቆጣሪው በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። ትራንስፎርመሩ ደግሞ ወደ ሺዎች ቮልት ያሳድገዋል። መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ሊሞት ይችላል። መብራት ድንገት ሲመጣም ከመኪናችሁ ጋር ፊት ለፊት ይጋጠማል። ቤቱን በሙሉ ማብራት ከፈለጋችሁ የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ቼንጅ ኦቨር የሚባለውን ማቀያየሪያ አስገጥሙ፤ አንዱን መስመር ሳይቆርጥ ሌላውን አያገናኝም። ለእኛ ቤት ኤክስቴንሽኑ በቂያችን ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላም አለ። መኪናዋ ኃይል ስትሰጥ ራሷም ትበላለች። እንደ መኪናው ቢለያይም መቶ፣ ሁለት መቶ ዋት ሊደርስ ይችላል። 10 ዋት ለሚበላ ዋይፋይ ብላችሁ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ብትተዉት ከዋይፋዩ ይልቅ እሷ ትበላዋለች። እኔ ሥራውን አንድ ላይ እሰበስበዋለሁ፦ ማታ ፍሪጁን፣ ስልኮቹን፣ ፓምፑን ለጥቂት ሰዓታት፣ ጠዋት ደግሞ እንዲሁ። እናቴ ኢንሱሊን ስላላት ፍሪጁ የማይታለፍ ነው። ሆኖም በሩ ካልተከፈተ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛልና መብራት እንደጠፋ ወደ መኪና መሮጥ አያስፈልግም። ልጆቹን ከፍሪጁ በር ማራቅ ነው ጣጣው!

ስክሪኑ ላይ ባትሪው ስንት ፐርሰንት ሲደርስ መስጠቷን እንደምታቆም መወሰን ይቻላል። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ 30 አይከፋም። በማግሥቱ አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው ግን 350 ኪሎ ሜትር መንገድ አለበት፤ ያን ሌሊት ባትሪውን አይንካው፣ ሻማ ይግዛ።

መብራት ሲመለስ ፍሪጁን ወዲያው ወደ ግድግዳው አትመልሱት። መጀመሪያ ላይ መዋዠቅ ይኖራል፤ ተመልሶ መሄድም አለ። አምፖሉ ሳይርገበገብ አሥር ደቂቃ ያህል ከቆየ መልሱት። ከመኪናው በኩል ስትነቅሉም መጀመሪያ ዕቃዎቹን አጥፉ፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ አቁሙ፣ ገመዱን በመጨረሻ ንቀሉ።