ዲሌይ ከምቱ ሲወጣ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ባሉ ትንንሽ ስቱዲዮዎች ዲሌይ (ድምፅን አዘግይቶ እንደ ገደል ማሚቶ የሚደግም መሣሪያ) ሲያስቸግር እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ፊድባክ (ኢኮው ምን ያህል እንደሚደጋገም የሚወስነው መቆጣጠሪያ) ነው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነው፤ ሙዚቃው በሦስት ይቆጠራል፣ በሶፍትዌሩ ላይ ያለው ፕሮጀክት ግን በአራት ተከፍቷል። ስለዚህ መጀመሪያ ቆጠራውን እዩ።

ሲንክ (ዲሌዩን ከዘፈኑ ፍጥነት ጋር የሚያገናኘው) በርቷል፤ ኢኮው ግን ከከበሮው ጋር ይጋጫል

ቺክቺካ በ6/8 ስለሚሄድ እያንዳንዱ ዋና ምት ለሦስት ይከፈላል። አዲስ ፕሮጀክት ሲከፈት ግን 4/4 ነው፤ ብዙ የዲሌይ ፕሪሴቶችም (ተዘጋጅተው የሚመጡ ቅንብሮች) 1/8 ዶትድ (የኖታው አንድ ተኩል ርዝመት) ላይ ተቀምጠው ይመጣሉ። ዋናው ምት 120 ቢፒኤም (በደቂቃ 120 ምት) ከሆነ የአንድ ደቂቃን 60,000 ሚሊሰከንድ ለ120 ስታካፍሉ አንድ ምት 500 ሚሊሰከንድ ይሆናል። በውስጡ ያሉት ንዑስ ምቶች 167 እና 333 ላይ ያርፋሉ። 1/8 ዶትድ የሚሰጣችሁ 375 ነው፣ ተራው 1/8 ደግሞ 250። ሁለቱም ከበሮው በሌለበት ቦታ ይወድቃሉ። በ375 እና በ333 መካከል ያለው 42 ሚሊሰከንድ በቁጥር ትንሽ ነው፤ ክራር ላይ ግን የተሳሳተ ምት ሆኖ ይሰማል።

ፕሮጀክቱን 4/4 ላይ መተው ከፈለጋችሁ ዲሌዩን 1/8 ትሪፕሌት (ሁለት ኖታ በሚይዘው ቦታ ሦስት፤ 167) ወይም 1/4 ትሪፕሌት (333) አድርጉት። ወደ 6/8 መቀየር ከመረጣችሁ አንድ ነገር አስተውሉ፦ አብዛኞቹ ሶፍትዌሮች 6/8 ላይም ቢፒኤም የሚቆጥሩት በሩብ ኖታ ነው። 120 የነበረውን 180 ካላደረጋችሁት በዲሌዩ ላይ ምንም አይለወጥም። 180 ላይ ተራው 1/8 በራሱ 167፣ 1/4 ዶትድ ደግሞ 500 ይሆናል።

ሲጀምር ልክ ነው፤ እየቆየ ይንሸራተታል

ተጫዋቾቹ ያለ ክሊክ (ምት የሚቆጥር ድምፅ) የቀረጹት ከሆነ፣ ወይም ከድሮ ካሴት የተወሰደ ቅጂ ላይ እየሠራችሁ ከሆነ፣ ቴምፖው (ፍጥነቱ) ራሱ ይንቀሳቀሳል። የእያንዳንዱን ባር የመጀመሪያ ምት ምልክት አድርጋችሁ የቴምፖ ማፕ (ፍጥነቱ የት እንደሚቀየር ለሶፍትዌሩ የሚነግር ካርታ) ሥሩ። ጊዜ ካጠራችሁ ሲንኩን አጥፉና በሚሊሰከንድ ሙሉት፣ ፊድባኩንም ከ15 እስከ 20 በመቶ ላይ ያዙት፤ ሁለተኛው ኢኮ ሳይጎላ ስለሚሞት መንሸራተቱ አይታወቅም። የቴፕ ዓይነት ዲሌይ ቴምፖ በተቀየረበት ቅጽበት የድምፁን ቅኝት ያጣምማል። ለውጡን ኢኮ በሌለበት ቦታ አሳርፉት።

ሁለተኛው ምክንያት መልቲታፕ (ታፕ የሚባሉ ብዙ ኢኮዎችን በየተመረጠላቸው ጊዜ የሚያሰማ ዲሌይ) ላይ ነው፤ በቀላሉ ስለማይታይ ብዙ ሰዓት ይበላል። ምቱ 500 በሆነው ዘፈን ላይ ታፖቹን 333፣ 500 እና 833 ላይ አስቀመጣችሁ እንበል። የመጀመሪያው ዙር ከከበሮው ጋር ተቆላልፎ ይሄዳል። ፊድባክ ስትሰጡት ግን ብዙ ፕለጊኖች (በሶፍትዌሩ ውስጥ የሚገቡ መሣሪያዎች) ቀጣዩን ዙር የሚያስነሱት ከመጨረሻው ታፕ ነው። ሁለተኛው ዙር 1000 ላይ መነሳቱ ቀርቶ 833 ላይ ይነሳል፤ ታፖቹም 1166፣ 1333 እና 1666 ላይ ይወድቃሉ። ቁጥሮቹ ከሦስትዮሹ ክፍፍል አልወጡም። ነገር ግን ዋናው ምት ላይ ማረፍ የነበረበት ጠንካራ ታፕ አንድ ንዑስ ምት ቀድሞ ይመታል፣ ከበሮውም የዘገየ ይመስላል።

መፍትሄው 1000 ላይ አራተኛ ታፕ ጨምሮ ፊድባኩን ከእሱ ማስነሳት ነው። ሎጂክ ፕሮ ላይ ያለው ዲሌይ ዲዛይነር እስከ 26 ታፕ ይቀበላል፣ ፊድባኩ ከየትኛው ታፕ እንደሚነሳም ያስመርጣል። ምርጫውን የማይሰጥ ፕለጊን ካላችሁ ፊድባኩን ዜሮ አድርጉና ሁለተኛውን ዙር በእጅ ጻፉት፦ 1333፣ 1500፣ 1833፣ እያንዳንዳቸው ከመጀመሪያው ዙር ከ6 እስከ 9 ዲቢ (ዴሲቤል) ዝቅ ብለው። አድካሚ ቢሆንም የየታፑን ድምፅና ፓን (ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መግፋት) ለብቻ ለመቆጣጠር ስለሚያስችል እኛ ይህንን እንመርጣለን።

ግጥሙ አይሰማም

እዚህ ላይ ቋንቋችን የራሱ ጠባይ አለው። ቀ፣ ጠ፣ ጨ እና ጰ ሲነገሩ ይፈነዳሉ፤ ዲሌዩ ያንን ፍንዳታ እንደ ትንሽ ከበሮ እየደጋገመ ይመታዋል። ሰ እና ሸ ደግሞ ያፏጫሉ። ከዲሌዩ በፊት ዲኤሰር (ፉጨቱን የሚቀንስ መሣሪያ) አስገቡ፣ ከዲሌዩ በኋላ ከ300 ኸርዝ በታችና ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ቁረጡ። ከ80 እስከ 120 ሚሊሰከንድ ያለ አጭር ስላፕ (አንድ ጊዜ ብቻ የሚመለስ ፈጣን ኢኮ) በሚጠብቅ ፊደል ላይ ያለችውን ቅጽበታዊ ዝምታ ስለሚሞላት ቃሉ የላላ ያህል ይሰማል። ግጥም በበዛበት ስንኝ ላይ ይህን ስላፕ አትጠቀሙ።

ቀጥሎ ፊድባኩን በቁጥር አስቡት። 50 በመቶ ማለት በየድግግሞሹ 6 ዲቢ መቀነስ ነው፤ በ500 ሚሊሰከንድ 60 ዲቢ እስኪወርድ 5 ሰከንድ ይፈጃል፣ እስከዚያ ዘፋኙ ቀጣዩን ስንኝ ጀምሯል። 25 በመቶ ላይ ግማሹ ጊዜ ይበቃዋል። ረጅም ኢኮ የግድ ካስፈለገ ሪተርኑ (ዲሌዩ ያለበት ቻናል) ላይ ከቮካሉ በሳይድቼይን የሚነሳ፣ ማለትም ዘፋኙ ሲዘፍን ኢኮውን ዝቅ የሚያደርግ፣ ኮምፕረሰር አስቀምጡ፦ ሬሾ 4:1፣ አታክ 5፣ ሪሊዝ 200 ሚሊሰከንድ ገደማ፣ ቅነሳው ከ6 እስከ 8 ዲቢ።

በሄድፎን ያምራል፤ ታክሲ ውስጥ ግማሹ ይጠፋል

የግራ ስፒከሩ ብቻ በሚሠራ ሚኒባስ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ የተገፋ ታፕ የለም ማለት ነው። ከ60 በመቶ በላይ ፓን አታድርጉ፣ ዜማውን የሚሸከም ታፕ መሃል ይሁን። በግራና በቀኝ መካከል 10 ሚሊሰከንድ ልዩነት ብቻ ካለ ደግሞ ሞኖ (ግራና ቀኙ አንድ ላይ ተደምሮ) ሲሆን 50፣ 150፣ 250 ኸርዝ እያለ ይሰረዛል። ልዩነቱን ከ30 በላይ አድርጉና ሞኖ ተጭናችሁ ስሙ።

ሴንዱ (ወደ ዲሌዩ የሚላከው ድምፅ) ሲጨመር ድምፁ ይሳሳል

ሪተርኑ ላይ ያለው ዲሌይ ድራይ (ኢኮ የሌለበት ዋናውን) ድምፅ እያሳለፈ ነው። ሚክሱን 100 በመቶ ዌት (ኢኮው ብቻ) አድርጉ።

ስቱዲዮ ውስጥ የጠራው መስቀል አደባባይ ላይ ይደበላለቃል

ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 50 ሜትር ርቆ ካለ ሕንፃ ነጥሮ ሲመለስ 290 ሚሊሰከንድ ይሆነዋል፤ ይህን ማንም ሲንክ ማድረግ አይችልም። በሳውንድ ቼክ ሰዓት ስኔር ለብቻው አስመቱና የሕንፃውን መልስ ስሙ። ከዚያ አጫጭር ታፖችን ዝጉ፣ ከምቱ ጋር የተገጠመ አንድ ኢኮ ብቻ አስቀሩ፣ እሱንም በስንኝ መጨረሻ ላይ ብቻ ክፈቱት።

ዘፈኑ ሲያልቅ ኢኮው ይቆረጣል

ኤፍኤል ስቱዲዮ ላይ ኤክስፖርት ስታደርጉ ቴይል (Tail) የሚለውን ሊቭ ሪሜይንደር (Leave remainder) ላይ አድርጉ። በሌሎቹ ሶፍትዌሮች ከመጨረሻው ኖታ በኋላ ቢያንስ ሁለት ባር ጨምራችሁ ምረጡ።