12345678987654321ን ስትመረምሩ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ዘጠኝ ጊዜ 1 ጻፉና በራሱ አባዙት። 111111111 በ111111111። መልሱ 12345678987654321 ነው። እስከ 9 ይወጣል፣ ከዚያ ተመልሶ ይወርዳል። ከግራም ከቀኝም ብታነቡት ያው ነው። በጣም የምወደው ቁጥር ነው። ለጀማሪ ባሳየሁት ቁጥር ግን እነዚያው ስህተቶች ይደገማሉ።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ስክሪን ማመን ነው። አንድ ተማሪ «ልክ አይደለም፣ መጨረሻው 300 ነው» ብሎ ኤክሴሉን ከፍቶ አሳየኝ። እውነትም 12345678987654300 ይላል። ቁጥሩ 17 አሃዝ አለው፤ ኤክሴል የሚይዘው ግን 15 ብቻ ነው። የቀረውን በዜሮ ይሞላና ዝም ይላል። ጃቫስክሪፕት በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ብትሞክሩት ደግሞ በ320 ያልቃል። ምክንያቱም ተራው የቁጥር ዓይነቱ ከ9007199254740992 በላይ ያለን ኢተጋማሽ ቁጥር መያዝ አይችልም። እባካችሁ፣ ከማመናችሁ በፊት የመጨረሻዋን አሃዝ እዩ! 1 በ1 ሲባዛ 1 ነው። በ1 የሚያልቅ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ እንዴት ብሎ በዜሮ ያልቃል? ይህን ለማየት አንድ ሰከንድ ይበቃል። ሙሉውን መልስ ከፈለጋችሁ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተጠቀሙ፣ ወይም ወረቀት አውጡ።

ወረቀቱ ሌላም ነገር ያሳያችኋል። ብዙዎች ይህ ውበት 1 በጨመሩ ቁጥር የሚቀጥል ይመስላቸዋል። አይቀጥልም። በእጅ ስታባዙ የ1 ረድፎች አንድ አንድ ቦታ እየተንሸራተቱ ይደረደራሉ። መሃል ያለው ዓምድ ዘጠኝ 1 ይይዛል፣ ስለዚህ 9 ይጻፋል። አስር 1 ከሆነ ግን 0 ተጽፎ 1 ይያዛል። ውጤቱም 1234567900987654321 ይሆናል።

«ከፊትም ከኋላም አንድ ዓይነት ሆኖ የሚነበብ ቁጥር ለ11 ይካፈላል» የሚሉም አሉ። ይህ ሁልጊዜ የሚሠራው የአሃዞቹ ብዛት ተጋማሽ ሲሆን ብቻ ነው። የእኛ 17 ነው፤ ለ11 ሲካፈል 1 ይተርፋል።

ቀጣዩን እኔም ሠርቼዋለሁ። የአሃዞቹ ድምር 81 ነው፤ ቁጥሩም ለ81 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ይህን አይቼ «ድምሩ 81 የሆነ ሁሉ ለ81 ይካፈላል» ብዬ ለሰው አስረድቻለሁ። ስህተት ነበር። ለ3 እና ለ9 የሚሠራው ደንብ ለ81 አይሠራም። 1899999999ን ውሰዱ። ድምሩ 81 ነው፣ ለ81 ግን አይካፈልም። የእኛ ቁጥር የሚካፈልበት ምክንያት ሌላ ነው። 111111111 የ9 ብዜት ነው፤ ስለዚህ በራሱ ሲባዛ የ81 ብዜት መሆኑ ግድ ነው። አካፍሉት፣ 152415789971041 ታገኛላችሁ። እሱም 12345679 በራሱ ሲባዛ የሚመጣው ነው።

እዚህ ላይ 8 የተረሳች መስሏችሁ እንዳትጨምሩ። 12345679 በ9 ሲባዛ ዘጠኙን 1 ይሰጣል። 8ን ከጨመራችሁ የሚመጣው 1111111101 ነው።